አምስት ለማድሪድ፣ አምስት ለባርሴሎና

የበዛወርቅ አለቃ ከአስር ቀን በላይ አልፈቅድም አሉ። ወሩ ሰኔ ነው፤ በጀት የሚዘጋበት።

“አኑዋል ሊቭሽ ብዙ እንደተጠራቀመ አውቃለሁ፤ ግን የሚተካሽ ሰው የለኝም” ብለው ፈረሙላት።

በዛወርቅ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። መልካቸው የማይለይ መንታ ልጆቿ ሄርሜላና ትህትና ለትምህርት ስፔን ሄደው እዚያው ሥራ ይዘው ቀርተዋል፤ ሄርሜላ ማድሪድ፣ ትህትና ባርሴሎና። ዓይናቸውን ካየች ዓመታት አልፈዋል። ቪዛው የተገኘው በስንት ልመና ነው።

ባሏ ጣሰው ከማንኪራ ጫካ ቀፎዎቹን አይቶ ሲመለስ የፈቃዱን ነገር ነገረችው። የቦቲውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ሰማት።

“እኩል ክፈይው” አላት። “አንዷ ጋ ካበዛሽ ሌላዋ ትቀየማለች።”

“ለምን እከፍለዋለሁ? አንድ ላይ ሆነው ይቀበሉኝ እንጂ።”

“እሺ ካሉሽማ ምን ገዶኝ።”

እሺ አላሉም። ሄርሜላ በቪዲዮ ደውላ፣ ረጅም ፀጉሯን ወደ ኋላ እየወረወረች፣ “ትህትና ከሥራ አትለቀቅም፣ እማዬ። እኔም እሷ ጋ መሄድ አይመቸኝም። ተራ በተራ ብታዪን ይሻላል” አለቻት።

በማግስቱ ትህትና ደወለች። የስልኳ ካሜራ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የምትደውለው በድምፅ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ፎቶ ትልካለች፤ ፀጉሯን አሳጥራ፣ መነጽር አድርጋ። ድሮ ስልክ ስታነሳ ከቃሏ ሳቋ ይቀድም ነበር። አሁን አትስቅም። በዛወርቅ ስደት ሳቋን ወሰደባት ብላ ስታዝን ከርማለች።

“ከማድሪድ የምትነሺበትን ቀን በደንብ ንገሪኝ፤ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ” አለች ትህትና።

“እህትሽ ታውቀዋለች፤ ጠይቂያት።”

“አንቺው ንገሪኝ፣ እማዬ።”

በዛወርቅ ስልኩን ስትዘጋ ብርድ ተሰማት። ውጭ ጉሙ ከጫካው ወርዶ የግቢውን ባሕር ዛፍ ውጦታል።

ኮረሪማ ልትገዛ የሄደችበት ሱቅ ባለቤት ከዲጃ ነገሩን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። “በአንድ ማኅፀን ያደሩ እህትማማቾች እንዲህ የሚራራቁት በወንድ ነው፣ እትዬ በዛወርቅ። ሄደው ያስታርቋቸው። ከእናት የሚበልጥ ሽማግሌ የለም።”

በዛወርቅም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከመሄዷ በፊት አንድ ሕልም ደጋግማ አየች። ማንኪራ ጫካ መንገድ ላይ ቆማ የሁለቱንም ስም ትጠራለች። በቅጠሉ ላይ እየተራመደ የሚመጣው ግን የአንድ ሰው ኮቴ ነው። ለጣሰው ስትነግረው፣ “ጠባቸው ነው የሚያስጨንቅሽ። ስታስታርቂያቸው ይተውሻል” አላት።

ማድሪድ ሙቀቱ የሚያቃጥል ነበር። ሄርሜላ አውሮፕላን ጣቢያ ተቀብላ አለቀሰች፤ ከስታ ነበር። የምትኖርበት ክፍል ጠባብ ናት። እናቷን አልጋው ላይ አስተኝታ እሷ ወለል ላይ ተኛች። ቀን ቀን አደባባዩን፣ መናፈሻውን፣ ቤተ መንግሥቱን አሳየቻት። በዛወርቅ ግን ዓይኗ ከልጇ አይነቀልም።

“ነይ ፀጉርሽን ልሥራልሽ” አለቻት አንድ ቀን።

“አይነካ፣ እማዬ!” ሄርሜላ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “በስንት ድካም ነው ያሠራሁት” አለች።

“እንግዲያው ለእህትሽ ደውይላትና ላናግራት።”

“አሁን ሥራ ላይ ናት። ስትወጣ ራሷ ትደውላለች።”

ሄርሜላ ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የበዛወርቅ ስልክ ጠራ፤ ትህትና ነበረች። ከበስተጀርባዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

“እህትሽ እስክትመጣ ቆዪና ተነጋገሩ” ብላ ለመነቻት።

“አልችልም፣ እማዬ። በአላህም በማርያምም ቢሆን በዚህ አትለምኚኝ።”

ሄርሜላ ዳቦውን ይዛ ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በዛወርቅ አልጠየቀቻትም። ጥላቻቸው እዚህ ደርሷል ብላ አንገቷን ደፋች።

አምስቱ ቀን አለቀ። ሄርሜላ የአውቶቡስ ትኬት ሰጠቻት።

“በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ” አለች በዛወርቅ።

“በአውቶቡስ አገሩን እያየሽ ትሄጃለሽ።”

“ለእህትሽ የምልላት የለም?”

ሄርሜላ ሰዓቷን አየች። እናቷን ሳም አድርጋ፣ አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ በሰው መሐል እየተጋፋች በሩጫ ሄደች። በዛወርቅ በመስኮቱ እያየቻት አለቀሰች። ያ ሁሉ መቸኮል የእህቷን ስም ላለመስማት መሰላት።

መንገዱ ቀኑን ሙሉ ወሰደ። ደረቅ ሜዳ፣ ከዚያ ኮረብታ፣ ከዚያ እንደገና ሜዳ። ቦንጋ በዚህ ሰዓት ዝናብ ላይ ናት። በዛወርቅ ጭኗ ላይ ጣሰው የላከውን ማር ታቅፋ የምትናገረውን አሰናዳች። በመጀመሪያ ትህትናን ትገሥጻለች። ከዚያ ለሄርሜላ ደውላ ሁለቱን ታነጋግራለች። እምቢ ካሉ ጡቷን ይዛ ትለምናቸዋለች።

ባርሴሎና ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ትህትና መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ፀጉሯ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች።

“እማዬ! እንኳን በሰላም መጣሽ!”

በዛወርቅ አቀፈቻት። ከአውቶቡሱ የወረደው ሰው ሁሉ ተበትኖ እስኪያልቅ አለቀቀቻትም። ያሰናዳችውን ተግሣጽ ተወችው። በመጨረሻ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ መነጽሩን ቀስ አድርጋ አወለቀችላት።

“ሄርሜላዬ” አለቻት፣ “እህትሽን የት ቀበርሻት?”