ጠገራችንን ማን አረከሰው?

ኢልሃም፣ ስሚኝማ። ጠዋት የላክሽውን ድምፅ አሁን ነው የሰማሁት፤ እማዬ ለጅዳዋ አክስቴ ድምፅ እልካለሁ ብላ ስልኬን ይዛብኝ ነበር። «ታገሥ» ነው የምትይኝ? አልታገሥም! ወላሂ አልታገሥም። ዛሬ አስናቀውን ከግሩፑ አባርረዋለሁ።

የለፋሁበት ነገር እኮ ነው። አንቺና እኔ ፒያሳ ቁጭ ብለን ስንጀምረው አሥራ አንድ ሰው ነበርን፤ ዛሬ ሦስት መቶ ነን። አንዱ ለሌላው አንድ ሰዓት ይሠራል፣ አንድ ጠገራ ያገኛል፤ በዚያች ጠገራ ደግሞ የሌላ ሰው አንድ ሰዓት ይገዛል። ብር የለ፣ ምን የለ። ቴሌግራም ላይ ያለ ቁጥር ነው፣ ግን ይሠራ ነበር! ሰርካለም ጽሑፍ ትተይባለች፣ ይመኙሽ ጸጉር ትሠራለች፣ ሐብተ ማርያም በባጃጁ ያደርሳል።

«ወንፈል እንበለው» ያለው ራሱ አስናቀው ነው። «እኛ አገር መካነ ብርሃን እርሻው የሚታረስ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ» ብሎ። ሸጋ ስም ነው ብለን ተቀበልነው። ሌባ ስም ሲያወጣ!

አሁን እዪው። በሁለት ጠገራ ይሠራ የነበረ ጸጉር ሃያ አምስት ገብቷል። ትናንት ሐብተ ማርያምን «ማራኪ ግቢ አድርሰኝ፣ አሥር ጠገራ» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጠገራህን ቀቅለህ ብላው፤ ባጃጄ ቤንዚን ነው የምትጠጣ!» ተራ የያዘው ሹፌር ሁሉ ሳቀብኝ። በአደባባይ!

ለማስተካከል ያላደረግሁት አለ? ዋጋ መጨመር ክልክል ነው አልሁ፤ ሥራ አቆሙ። ከመቶ በላይ ያለው አሥሩን ይመልስ አልሁ፤ ሰደቡኝ። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። የሆነ ሰው ከምንም ተነሥቶ አዲስ ጠገራ ይፈጥርና ይበትናል!

ሂሳቡን የሚይዝልንን ቦት ቁጭ ብዬ መረመርሁት። ዓርብ ዓርብ ነው፤ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል። ሁልጊዜ! ቦቱ ለማን እንደገባ ይጽፋል እንጂ ማን እንዳወጣው አይጽፍም። አዲስ ጠገራ ማውጣት የሚችለው ደግሞ የአድሚን ስልክ ብቻ ነው፤ ያንቺና የኔ። ያንቺ ስክሪኑ ተሰብሮ ስንት ጊዜ ጥገና ቤት ከረመ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት የት ነኝ? መስጊድ! ስልክም አልይዝም። ኢማሙ ኹጥባ ሲያሰሙ መሃል ላይ ጮሆብኝ ሽማግሌዎቹ ከገላመጡኝ ወዲህ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነው የምሄደው። እኔን ማንም ሊጠረጥረኝ አይችልም።

ታዲያ ማን ቀረ? ኮምፒውተር የሚማረው ማነው? አስናቀው! «ስልክህ ተጨናንቋል፣ ላጽዳልህ» ብሎ ሁለት ሰዓት ሲጎረጉረው የዋለ ማነው? አስናቀው! ሐሙስ ማታ የቴሌግራም ፓስዋርዴን ቀየርሁ፤ ዓርብ እንደገና ገባ። አንድ ነገር ቀብሮብኛል ስልሽ!

ተንኮሉን ደግሞ እዪ። ለራሱ ብቻ ቢያደርገው ይታወቅበታላ። ስለዚህ እናቷ ለታመመችባት ለሰርካለም ይልካል፣ የቤት ኪራይ ላጣችው ለታየች ይልካል፣ ግሩፑ ላይ ቸገረኝ ብሎ ለጻፈ ሁሉ ይልካል። ለእኔና ለአጎቴ ልጅ ለዐብዱልከሪም ግን አንዲት! አንዲት አልገባችም። ንቀት አይደለም? ረመዳን ሲገባማ እጥፍ አደረገው፤ በጾም እስክንደክም ጠብቆ።

ጠየቅሁት እኮ፣ ፊት ለፊት። «ምነው አያ ናስር?» አለኝ። «እናንተ የምትልኩልኝ መስሎኝ ሳመሰግን ነው የከረምሁ።» አያ! በሁለት ዓመት ብበልጠው ነው አያ የሚለኝ! ዓይኑን በጨው አጥቦ!

እሺ እማ፣ ሰማሁሽ! ውዱእ አድርጌያለሁ፣ መጣሁ!

ምን እያልሁሽ ነበር... አዎ። ሰኞ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀርባል ነው የምትይኝ። አውቃለሁ። ሰርካለም ገና ግማሹን ነው የተየበችለት፣ እሱንም በጠገራ። ካባረርሁት መተየቡ ይቆማል፤ ብር እንደሁ የለውም። ሰኞ መምህሮቹ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ይቁም! ሁሉን ሰው እንዳታለለ ነው። ዛሬ ጠዋት እማዬ እንኳ «ያ የመካነ ብርሃኑ ልጅ ጽሑፉ አለቀለት ወይ?» ብላ አዘነችለት። አላየችውም፣ አታውቀው!

«አስናቀው ሌባ ነው» ብዬ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከነፎቶው። ሦስት መቶ ሰው ያየዋል፣ ዶርም የሚጋሩት ልጆች ሳይቀሩ። ይቺን ድምፅ ልኬ እንደጨረስሁ ጽሑፉን ግሩፑ ላይ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሶላቴ። አንቺም ኋላ «ቸኮልህ» እንዳትይኝ፤ ይኸው ነግሬሻለሁ።

ቆይ፣ እማዬ በር ላይ ናት። ምን አልሽ እማ?

«ስልክህን እንደ ዓርቡ ሁሉ እዚያው አኑርልኝና ሂድ አልሁ፤ የነዚያን የተቸገሩ ልጆች ሰደቃ ገና አልላክሁም፤ ለመካነ ብርሃኑ ልጅማ ዛሬ መቶ ጠገራ አደርግለታለሁ፣ ሰኞ አለበት አይደል።»