የማኤላ ማባበያ

ማኤላ የትልቁ ምድር የማላይታ ተራራ ሰው ነው። ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የባሕር ሰው ልጅ አግብቶ፣ ባሕሩ መሀል በድንጋይ ክምር ላይ በተሠራችው ደሴታችን ተቀምጦ፣ ከሁላችንም በላይ ዓሣ ማጥመዱ ነው።

የአጠማመዱ ደንብ ለሁሉም አንድ ነው። ከቅጠል የተሰፋ አሞራ በገመድ ታስሮ ከታንኳ ላይ በነፋስ ይለቀቃል። ከአሞራው በተንጠለጠለው ገመድ ጫፍ ማባበያው፣ ማለትም የሸረሪት ድር ጥቅል፣ ውሃውን እየነካካ ይዘላል። የምናጠምደው አፈ ረጅም ዓሣ ይነክሰዋል፣ ጥርሱ ድሩ ውስጥ ይተበተባል፣ አለቀ። መንጠቆ የለም፤ የፋብሪካ ክርም የለም። የቀደሙት አባቶች ለመታሰቢያቸው ድግስ የሚቀበሉት በሸረሪት ድር የተያዘ ዓሣ ብቻ ነው። ሌላ የቀረበላቸው እንደሆነ ሻርክ ሆነው ይመጣሉ። እስከ ዛሬ አልመጡም፤ ስለዚህ ደንቡ አልተጣሰም ማለት ነው።

ድሩን ሰብስቦ መጠቅለል የሚስቶች ሥራ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ በታንኳ ወደ ትልቁ ምድር ይሻገራሉ። በሱቁ በኩል አድርገው፣ ሩዝና እርድ ሸምተው ጫካ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ እየተሳሳቁ፣ ጸጉራቸው እንደተበጠረ ይመለሳሉ። ወንዶቹም ማባበያቸውን ይቀበላሉ።

ማኤላ ግን በየማለዳው ራሱ ይሄዳል። ባላ እንጨት ይዞ ብቻውን ይሻገርና ጢሙ ድር በድር ሆኖ ይመለሳል። ሚስቱ አሩማ እናቷ እንዳስተማረቻት ልትጠቀልልለት ብትነሳ አይሆንም አላት። ለምን በየቀኑ ትሄዳለህ ሲሉት ደግሞ፣ ድር እኮ ያልቃል፣ አምስት ስድስት ዓሣ ከነከሰው በኋላ ብጥስጥሱ ይወጣል፣ አላቸው። ሳቁበት። የተራራ ሰው የባሕር ሰውን ዓሣ ማጥመድ ሊያስተምር!

ከሁሉም በላይ የተናደደው አማቱ ኢሮፊ ነው። ኢሮፊ የአሩማ አባት፣ የደሴቷ ሽማግሌ፣ የድግሱም አዛዥ ነው። የእሱ ማባበያ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ቀን እንኳ አልላላም። የሚስቴ የቦሪ እጅ የተባረከ ነው እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል።

«በረከት ያለበት ድር እንዲህ ነው» አላት አንድ ቀን ለራሷ ለቦሪ። «በየቀኑ የሚቀየረውስ? ይሄ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ።»

ቦሪ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባዶ የሩዝ ማዳበሪያ ክር በክር ትተረትር ነበር። ቀና አላለችም። «ተወው፣ አንተ ሰውዬ። ዓሣውን ብላና ዝም በል።»

«አንቺ ደግሞ ለእሱ ታደያለሽ» ብሎ ተነጫነጨባት።

የድግሱ ዋዜማ ማኤላ አሥራ አራት ዓሣ ይዞ ገባ። ከእሱ ቀጥሎ ብዙ ያመጣው ሦስት ነው፤ ኢሮፊ ራሱ አንድ። በቃ፣ ነገሩ ፈነዳ። የዓሦቹ አፍ እየተፈለቀቀ ታየ፤ መንጠቆ የወጋው አልተገኘም። ታንኳው ተበረበረ፤ ከአንድ የተበላ ኮኮናት ሌላ ምንም የለበትም። እንግዲያው ነገሩ ያለው ማባበያው ላይ ነው ተባለ፤ ከተማ ወርዶ የገዛው ክር መሆን አለበት።

ሰው ሁሉ ታንኳ መቆሚያው ድንጋይ ላይ ተሰበሰበ፤ እሳት ተቀጣጠለ። ኢሮፊ ቆሞ ተናገረ።

«የሸረሪት ድር እሳት ሲነካው እንደ ጸጉር ይሸታል፤ አመድ ሆኖ ይቀራል። የፋብሪካ ክር ግን ቀልጦ ያለቅሳል። ማባበያው ያለቀሰ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህች ደሴት ይወጣል፤ ሚስቱ እዚሁ ትቀራለች። ማንም ይሁን ማን። በአባቶቼ ምያለሁ።»

አሩማ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማኤላ እሷን አየት አደረገና ማባበያውን ለአማቱ ሰጠ።

ድሩ እሳቱ ውስጥ ተኮማተረ። ጸጉር ጸጉር የሚል ሽታ የሰውን አፍንጫ ሞላው። ኢሮፊ የቀረችውን አመድ በጣቱ አሽቶ አሸተተ፤ አላመነም፣ ደግሞ አሸተተ።

«ድር ነው» አለ በመጨረሻ።

ኢሮፊ ክፉ ሰው አይደለም። በሰው ፊት የከሰሰውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው፤ ልጄ ሁን ብሎም አቀፈው። አሩማ አለቀሰች። እዚህ ላይ ቢበቃ ኖሮ ሁሉም በሰላም ራቱን በልቶ በተኛ ነበር።

ኢሮፊ ግን ፍትሕ ይወዳል። አማቹን ብቻ ፈተነ እንዳይባል የራሱም ይቃጠል፣ ከዚያ የሁሉም በተራ፣ ብሎ ወሰነ።

«አባባ፣ ይበቃል» አለ ማኤላ ፈጠን ብሎ። «እኔ ቅር አላለኝም። ዓሣው ሳይበላሽ እንሂድ።»

«አይሆንም። ምያለሁ።»

ቦሪ ድስት ጥዳ መምጣቷ ትዝ አላት። ከአጠገቧ የነበረችውም ትዝ አላት። ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱና ከአሩማ በቀር ወንዶቹ ብቻ ቀሩ።

ኢሮፊ የሰባት ዓመት ማባበያውን ከአንገቱ ከረጢት አወጣ፤ ሳም አድርጎ እሳቱ ላይ ያዘው።

ማባበያው ጠብ፣ ጠብ እያለ አለቀሰ።