ስልሳ ሰባቱ

ልጆች በስልክ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችን ካዩ ወዲህ፣ ጅማ ዙሪያ ያለው ኮረብታ ሁሉ መንሸራተቻ ሆኗል። በረዶ ባይኖርም እርጥብ ሳር አለ፤ የቡና ገለባ ክምርም ሞልቷል። የሚንሸራተቱበትን ጣውላ የሚሠራው መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው አናጺ ሙሐመድሳኒ ነው።

አንድ ቀን የመምህር ፋሂም ልጅ ሩፈይዳ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ጣውላ ፈልጌ ነበር።»

«ወአለይኩም ሰላም። ለራስሽ ነው?»

«ኧረ እኔ እፈራለሁ! ቅዳሜ ሰቃ ኮረብታ ላይ ከአሰንዳቦ ልጆች ጋር ይወዳደራሉ። ከተሸነፉ አባቴ ሁለተኛ ከግቢ አይወጡም ብሏል። ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ሙሐመድሳኒ የመምህሩን ተማሪዎች አስቦ አዘነ።

«የት ነው የሚወርዱት? ለሳር ረጅሙና ጠባቡ ነው፤ ይበርራል። ለገለባ ሰፊው፤ አይሰምጥም። መዝለል ለሚወድ ደግሞ ይኼ አጭሩ፣ ሁለቱም ጫፉ ቀና ያለው።»

«ከላይ ሳር ነው፣ ከታች ገለባ። መሐል ላይ ይዘላሉ።»

«ወላሂ ይዘላሉ?»

«ተው ቢባሉ መቼ ይሰማሉ!»

«ትንንሽ ናቸው?»

«ትከሻዬ ጋ ነው የሚደርሱት። የፊት ጥርሳቸውም ወልቋል።»

«ማሻአላህ። ስንት ይሆናሉ?»

«ስልሳ ሰባት።»

መላጊያው ከእጁ ወደቀ።

«ያ ረቢ! አባትሽ እንዴት ቻላቸው?»

«አልቻላቸውም።»

ሙሐመድሳኒ ሦስቱንም ትቶ አዲስ ጀመረ። ፊቱን ሰፊ፣ ወገቡን ጠበብ፣ ጫፎቹን ቀና አደረገ። ስልሳ ሰባት ተራ እንዲችልም ወፍራም ዋንዛ መረጠ።

ቅዳሜ ስልሳ ሰባት ከረሜላ በፌስታል ይዞ ሰቃ ወረደ። ኮረብታው ሥር መምህር ፋሂም ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። የአሰንዳቦው ልጅ ገለባው ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ይሳደባል። ያን ጊዜ አዲሱ ጣውላ ከላይ መጣ። ሳሩን ሰነጠቀው፤ መሐል ያለው ጉብታ ላይ ዘለለ፤ ገለባው ላይ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ። አቧራው ሁሉን ሸፈነ። ሰው ጮኸ፣ አፏጨ፣ ሩፈይዳ የማታውቀውን ሰው አቀፈች።

«ይኼ የመጀመሪያው ነው!» አለ ሙሐመድሳኒ ፌስታሉን ከፍቶ ወደ አቧራው እየሮጠ። «ና የኔ ጀግና! ስልሳ ስድስቱስ የታሉ?»

«ለእኔ አንድ ይበቃኛል፣ ልጄ» አሉት የሩፈይዳ አያት፣ ገለባውን ከሻሻቸው እያራገፉ፤ «እሱንም እመጠዋለሁ እንጂ በምኔ አኝከዋለሁ?»