ሰላምታ አልነበረም

«ይቺ ሕፃን እጇን አንስታ ነጻ አውጪዎቿን ሰላም ስትል ነው» አለ አስጎብኚው ሎይክ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ፎቶግራፍ እያመለከተ።

«ሰላም እያልኩ አልነበረም» አሉ ሶላንዥ ከኋላ።

ሃያ የሚሆኑት ጎብኚዎች ዞረው አዩዋቸው። ሶላንዥ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚህ ከባሕሩ ዳር የጦርነት ሙዚየም ሁለት መንደር አልፎ ቢኖሩም ደጁን ረግጠውት አያውቁም። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ከጀርመኖች ነጻ የወጣችበትን ቀን ለማክበር በባንዲራና በሰልፍ ስትሞላ እሳቸው መስኮታቸውን ዘግተው ድንች ይልጣሉ። ትናንት ግን ጎረቤታቸው «ፎቶሽን ሙዚየሙ ውስጥ አየሁት፣ ለእንግሊዞቹ እጅሽን ስታወዛውዢ» ብላ ነገረቻቸው። ጠዋት ባርኔጣቸውን አጥልቀው በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ።

ሎይክ ፈገግ አለ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ያውቁታል። ፎቶውን ያነሳው ወታደር ራሱ ከጀርባው እንደዚያ ብሎ እንደጻፈበት በትሕትና አስረዳቸው።

«እሱ መኪና ላይ ሆኖ ነዋ ያየኝ። እኔ መንገዱ ላይ ነበርኩ።»

ከዚያ ሳይቸኩሉ ነገሩት። ያን ዕለት ማለዳ፣ ጀርመኖቹ ከመሸሻቸው በፊት፣ በፖም እርሻው አጠገብ ያለውን መንገድ ቆፍረው ፈንጂ ሲቀብሩ ሶላንዥ ከጣሪያ ሥር ባለችው የቤታቸው መስኮት አይተዋል። ሰባት ዓመታቸው ነበር። የእንግሊዞቹ መኪና ከባሕሩ በኩል ብቅ ሲል ሮጠው ወጡና እጃቸውን ዘረጉ። ወታደሮቹ ሳቁ፤ አንዱ ፎቶ አነሳ፣ አንዱ ቸኮላት ወረወረላቸው። መኪናው ግን አልቆመም። ቢጮሁም ቋንቋቸውን የሚሰማ ጠፋ። ስለዚህ መንገዱ መሐል ተጋደሙ።

ጎማው ራሳቸው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሊያነሳቸው የወረደው ወታደር ወደጠቆሙት ቦታ ቢያይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። አሥራ አንድ ፈንጂ ወጣ።

ሎይክ ወደ ፎቶው ተጠጋ። የልጅቷ አፍ ተከፍቷል፤ ፊቷ ግን አይስቅም። በቀን አራት ጊዜ ሲያሳየው የኖረውን ፊት አሁን ገና ማየቱ እንደሆነ ሶላንዥ ገባቸው።

«አልፈሩም፣ እማማ?»

«እንዴት አልፈራ፤ እናቴን ነዋ። የእሁድ ቀሚሴን ለብሼ ነበር አፈር ላይ የተጋደምኩት።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ሎይክ ግን የፎቶውን መግለጫ ካርድ ከግድግዳው ነቀለና ጀርባውን ገልብጦ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጣቸው። ሶላንዥ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቁሙ እያልኩ ነው» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ስማቸውን ከነአባታቸው አሰፈሩ።

አጠገባቸው የቆመች አንዲት ጎብኚ ፎቶውን ትክ ብላ እያየች፣ ሳታስበው እንደ ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን ወደ ፊት አድርጋ። በሩን ከፍቶ ሊገባ የነበረ ሰውዬ ሲያያት አንድ እግሩን ደፉ ላይ እንዳሳረፈ ቀጥ ብሎ ቆመ።