የመጨረሻዋ ተቀባይ

የሌሎቹ ቡድኖች የመጨረሻ ሯጮች ዱላቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ምራትየዋ ብቻ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አማቷን ትጠብቅ ነበር። ባሏና የባሏ ወንድም ድርሻቸውን ሮጠው ሣሩ ላይ ተዘርረዋል። አማቷ ግን ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ውድድሩን የሚመሩ ይመስል እየሮጡ ይመጡ ነበር። የዱላ ቅብብሉን ማስታወቂያ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አይተው፣ “አራት ሰው ይላል፤ እኛም አራት ነን” ብለው ቤተሰቡን ያስመዘገቡት እሳቸው ነበሩ።

“ሴትዮዋን አያችኋቸው?” አለ አንድ ተመልካች።

“የኔ አማት ናቸው” አለችው፣ ሳይጠይቃት። ኩራቷ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አስፈርቷታል። እኚህ ሴትዮ ቤት ውስጥ የያዙትን ለሰው ለቀው አያውቁም። ማማሰያ ስታነሳ “አይሆንልሽም፣ አምጪው” ይሏታል፤ መጥረጊያም ብታነሳ ያው ነው።

“እንቺ” አሉ እያለከለኩ። ዱላው መዳፏ ላይ አረፈ። መንጭቃ ልትወስደው ተዘጋጅታ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀድመው ለቀቁላት።

ጥቂት እንደሮጠች ያ የምታውቀው ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት። “ክርንሽን ሰብሰብ አድርጊ።”

ሰበሰበችው። ከፊቷ ያለችው ሯጭ ጀርባ መቅረብ ጀመረ።