ከበሩ ሥር ያለው ሴራሚክ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኦኮትላን ከተማ ውስጥ፣ በወይዘሮ ኤውፍራሲያ አዲስ ወጥ ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቲቱ፣ ሴራሚክ በማንጠፍ ያረጁት ኤልፊዶ እና ልጃቸው ፌርሚን። አባት ተንበርክከው ልጃቸው ያነጠፈውን ወለል በመዶሻ እጀታ እየመቱ ያዳምጡ ነበር። አንድ ሴራሚክ እንኳ ባዶ ድምፅ ካሰማ፣ ሰኞ የሚጀመረውን የጸሎት ቤት ወለል ሥራ ለፌርሚን እንደማይሰጡት ነግረውታል።

«እኛ ማጣበቂያውን አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርገን ነበር የምንለጥፈው» አሉ። «አንተ ግን እንደ ቅቤ ትቀባዋለህ።»

«በጉብታዎቹ መሃል አየር ይቀራላ፣ አባዬ። ወለሉም የሴራሚኩም ጀርባ በደንብ ካልተቀባ ይጮሃል።»

«እሺ ፕሮፌሰር፣ እንሰማዋለን።»

«ጋሽ ኤልፊዶ፣ ምድጃዬን ዘንድሮ አስገባ ይሆን?» አሉ ወይዘሮ ኤውፍራሲያ።

ወለሉ በየምቱ ድፍን ድምፅ ሰጠ። አባት ደስታቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ያሻሹ ጀመር። ከበሩ ሥር ሲደርሱ ግን አንዱ ሴራሚክ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ፌርሚን ያ ሴራሚክ በማን እጅ እንደተለጠፈ ያውቃል፤ ቢሆንም አቀርቅሮ ማጣበቂያውን ያማስል ጀመር። አባት ደግመው መቱት።

«ይሄስ የማን ሥራ ነው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«የእኔ» አሉ አባት ቀስ ብለው። «ሐሙስ ዕለት እሱ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ላግዘው ብዬ ነው። በአምስት ጉብታ።» ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወይዘሮዋም ሳቁ።

አባት ሴራሚኩን በመሮ ነቀሉት፤ ፌርሚን ሌላ ቀብቶ ለጠፈ። ሰኞ ጠዋት የጸሎት ቤቱን ወለል ጀመረ።