ዒላማዬን ለእህቴ

የእጅ ዒላማን፣ ማለትም ያሰቡትን የመምታት ችሎታን፣ መዋዋስ ከተጀመረ ወዲህ አርባ ምንጭ ውስጥ የማይስት ሰው በዝቷል። የሚያውስህ ግን የሥጋ ዘመድህ ብቻ ነው፤ ያዋሰ ደግሞ እሱ ባዶ እጁን ይቀራል።

እህቴ ትንቢት ሶፍትቦል በሚባለው የኳስ ጨዋታ ወርዋሪ ናት። ክንዷን እንደ ጎማ አሽከርክራ ከታች ስትለቃት ኳሷ ትበራለች፤ ግን አንዴ አጥሩን፣ አንዴ ዳኛውን ነው የምታገኘው። የክልሉ ቡድን ተጫዋቾች ምርጫ ሲደርስ እማዬ ሳትነግረን ዒላማ ማዋሻ ቤት ሄዳ ዒላማዋን አዋሰቻት። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት።

በነጋታው ልምምድ ላይ ትንቢት አሥሩንም ኳስ የተቀባይዋ ጓንት ውስጥ ከተተች። ቤት ስገባ እማዬ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ግራና ቀኝ ታመላልሰዋለች። ጣቷ ላይ ሦስት ፕላስተር አለ።

«መርፌው ሸሸሽ እንዴ?» አልኳት።

«አንተ ወሮበላ፣ ወሬህን ትተህ ክሩን አስገባልኝ!»

አስገባሁላትና በቀጥታ ማዋሻ ቤት ሄድኩ። «የእናቴን መልሱላት፣ ለእህቴ የኔን ስጧት» አልኩ።

«ያንተ በምን የሠለጠነ ነው?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«በሰው ማንጎ።»

ትንቢት ምርጫውን አለፈች። «አንተ፣ ኳስ በያዝኩ ቁጥር አጥር መዝለል ያምረኛል» አለችኝ።

እኔስ ምን ጎደለብኝ ብዬ ድንጋይ አነሳሁና የጎረቤታችንን የእትዬ በላይነሽን ማንጎ ላይ ወረወርኩ። መስኮታቸው ረገፈ።

«ሆን ብለህ ነው!» እያሉ ወጡ።

እስከ ዛሬ ስምንት መስኮት ሰብሬባቸዋለሁ። ሳላስበው የሰበርኩት ይሄንን ብቻ ነው፤ ማን ያምነኛል?